የዋቆ ጣዲቻ ወገብ

ነጌሌ ቦረና፣ ጥር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለገልገሎ ዋቆ
ቡዳፔስት

አካም ጅርታ? ናጋ? በረዶው እንዴት አድርጎሃል? የሰማይ አባት ከነሙሉ ጤናህ ያቆይህ፤ የምታነበውንም በልብህ ያስቀምጥልህ። እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ሃያ ዓመት በነርስነት ስሠራ ደኅና ያልሆነውን ሰው ደኅና ነው ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።

አባትህ ታሟል። አትደንግጥ፣ እስከ መጨረሻው አንብብ። ከአሬሮ በጭነት መኪና መጥቶ እኔ ቤት ከተኛ ሰነበተ። ወገቡን ነው። ዝናቡ ካባራ ጀምሮ ያመው ነበር አሉ። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ "እርጅና ነው" እያለ ያልፋል። ታውቀው የለም እንዴ፣ አንበሳ ቢበላውም "ትንሽ ቆነጠጠኝ" የሚል ሰው ነው።

እንደ ማንኛውም በሽተኛ አስተኝቼ መረመርኩት። የጀርባ አጥንቱን ከአንገቱ ጀምሬ አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ታች ወገቡ ላይ ስደርስ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። ጉብታ የለውም። በጀርባው አስተኝቼ የአንዱን እግር ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ አድርጌ ስጫነው ከዳሌው ነጥሮ ተነሳ። የእጁ ጣቶች አላበጡም፤ ጠዋት ጠዋት እጅ የሚያደርቀው ቁርጥማት አይደለም። የእግሩ አውራ ጣትም ደኅና ነው፤ ሪህም አይደለም። ወደ ማታ ትኩሳት ይነሳበትና ያልበዋል፤ ላቡ የረጠበ ድርቆሽ ይሸታል። ሲለው ትኩሳቱ ይጠፋና "ዳንኩ" ይላል፤ ደግሞ ይመለስበታል። በጣም ከስቷል።

ትኩሳት ያለበት ወገብ የእርጅና ወገብ አይደለም። ወይ የአጥንት ቲቢ ነው፣ ወይ ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴላ ነው። "ላሞችህ ጨንግፈዋል ወይ?" ብለው ተቆጣኝ። "ማን ነገረሽ?" አለ። ለካ ዘንድሮ ብዙዎቹ ጨንግፈዋል፤ የሞተውን ጥጃ ደግሞ በባዶ እጁ የሚያወጣው እሱ ራሱ ነው። ወተቱንም ሳይፈላ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ እኔ ብሩሴላውን ጠርጥሬያለሁ፤ ጥርጣሬ ግን ምርመራ አይደለም። ደሙን ወደ አዲስ አበባ ልኬያለሁ። መልሱ እስኪመጣ አስፕሪን ከምግብ ጋር እሰጠዋለሁ፤ ሌላ ምንም አልሰጥም።

መድኃኒት እንዳትልክ። ትምህርትህን ጨርስና የጉድጓድ ውሃ ማውጣቱን ይዘህልን ና። መቼ ነው የምትጨርሰው?

አክስትህ ሲስተር ጠጂቱ ጣዲቻ


ቡዳፔስት፣ የካቲት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ለአክስቴ ለአዳዳ ጠጂቱ

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ቤትዎ ሰላም ይሁን፣ የሚነኩት በሽተኛ ሁሉ ይዳን። እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አስፕሪን ብቻ መስጠትዎን ሳነብ፣ አዳዳ አይቀየሙኝና፣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ። እኔ የምኖርበት ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው። አምና ጣታቸው ደርቆ ማንኪያ እንኳን መያዝ አይችሉም ነበር። ሐኪም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ሰጣቸውና ይኸው ዛሬ ድንች ይልጣሉ፣ ደረጃውን ከእኔ ቀድመው ይወጣሉ። ያው መድኃኒት ለአባቴም ይበጃል ብዬ በሰው በሰው አስገዝቼ አዘጋጅቻለሁ። ይዛው የምትመጣው ወርቅውሃ ናት፤ የመምህር ገብረአምላክ ልጅ፣ እዚህ አብራኝ የምትማረው። በግንቦት ለዕረፍት ስትገባ፣ እስከዚያ ወደ ከብቶቹ መመለሱ አይቀርምና፣ ወደ አሬሮ በሚሄድ ሾፌር እጅ በቀጥታ ለአባቴ እንድትልክለት ነግሬያታለሁ። በሥራዎ ላይ ሥራ ልጨምርብዎ አልፈለግሁም።

ልጅዎ ገልገሎ


ነጌሌ ቦረና፣ ሰኔ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ገልገሎ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ አሁን ተናድጃለሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ አባትህ ወደ አሬሮ ተመልሶ፣ ክኒኑም እጁ ከገባ በኋላ ነው።

ትናንት ገበያ መሃል ሁለት ወይፈን እየነዳ የሚመጣ ሰው አየሁ። ቀጥ ብሎ ይራመዳል፤ ጉንጩ ሞልቶ ፊቱ ክብ ሆኗል። "ይሄ ማን ነው?" እያልኩ ሳፈጥ አባትህ ሆኖ ተገኘ! በሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ፊት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? "አንቺ ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ አስፕሪን ሰጠሽኝ፤ ልጄ ከባሕር ማዶ ሆኖ አቆመኝ።" ሥጋ ሻጩ ሳይቀር ሳቀብኝ።

አሁን ስማኝ። የአከራይህ ሕመም ሌላ፣ የአባትህ ሕመም ሌላ። የእሳቸው ገላ ራሱ አንጓቸውን ያጠቃል፤ ክኒኑ ያንን ያስታግሳል። አባትህ ግን አጥንቱ ውስጥ ተህዋሲ ተቀምጧል። ሕመሙ ማለት ጅብ በረት ሲገባ የሚጮኸው ውሻ ነው። አንተ የውሻውን አፍ አሰርክለት፤ ጅቡ ግን በረቱ ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ይህ ክኒን ተህዋሲውን የሚዋጋውን የገላ አቅም ያደክማል። ጉንጩን የሞላው ጤና አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው።

በድንገት ማቆምም አይቻልም። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አንድ ቀን ቢተወው ይዝለፈለፋል፤ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ ነው የሚወጡበት። ይህንን ልነግረው ብሞክር ሳይሰማኝ ወይፈኖቹን ሸጦ ተመለሰ። ስንት ክኒን እንደቀረውም አላውቅም። የደሙ መልስ ገና አልመጣም።

አሁን የሰላምታው ቦታ ነው፤ የጌታ ሰላም ይብዛልህ። አሁንም ተናድጃለሁ።

ጠጂቱ


ቡዳፔስት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአዳዳ ጠጂቱ

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ፤ ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነው። እዚህ አንድ ሐኪም ፈልጌ አማከርኩ። ከውሻውና ከጅቡ በቀር እርስዎ ያሉትን አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። አፈርኩ።

ግን አዳዳ፣ ሳልዋሽዎ፣ ሁለት ወይፈን እየነዳ ገበያ ገባ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ምን ላድርግ? አሁን ምን ይሻላል? ይቆጡኝ፤ ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ገልገሎ


ነጌሌ ቦረና፣ ጥቅምት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለገልገሎ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ጌታ ብርታት ይስጥህ። ለዚህ ደብዳቤ ያስፈልግሃል።

ክኒኑ ከአሬሮ ወዲያ ከከብቶቹ ጋር ሳለ አለቀበት። ያለቀ ቀን አለቀ፤ መቀነስ የለ ምን የለ። ወዲያው ወደቀ። ሰዎች በቁርበት ተሸክመው መንገድ አወጡት፤ ከዚያ በጭነት መኪና እኔ ዘንድ አመጡት። ደም ግፊቱ ወርዶ ያስመልሰው ነበር። ያንኑ ያንተን ክኒን ከዚህ ፈልጌ መልሼ ጀመርኩለት፤ አሁን በጥቂት በጥቂቱ እያወረድኩት ነው። ይህን አልፈናል።

ያላለፍነው እግሩ ነው። ተኝቶ እግሩን አንሳ ስለው ከፍራሹ ብዙም አይነሳለትም። የግራ እግሩን ጣቶች ወደ ላይ ቀና አድርግ ብለው ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ አልሆን ይለዋል። ራጅ ወዳለበት ድረስ ወሰድኩት። ታች ወገቡ ላይ የሁለት አጥንቶች ጠርዝ ተበልቷል፤ ያበጠው ነገር ነርቩን ተጭኖታል። የደሙ መልስም መጣ፤ ብሩሴላ ነው።

ገልገሎ፣ ፈራሁ። እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ቆሜ መርፌውን ወጋሁት፣ "ዋቆ፣ ትድናለህ" አልኩት፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ካሁን በኋላ እግሩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን የሚወስነው ሕክምናው ነው። ስትሬፕቶማይሲን መርፌ አለን፤ ጆሮው እንዳይጮኽበትና ሚዛኑን እንዳይስት እየጠየቅሁ እሰጠዋለሁ። ከመርፌው ጋር ግን ዶክሲሳይክሊን ክኒን ያስፈልገዋል፤ ለስድስት ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። እዚህ የለም። አትላክ ያልኩህ ሰው ዛሬ ላክ እላለሁ፤ ራሴን እየታዘብኩ ነው የምጽፈው። በእኔ እጅ ይምጣ እንጂ በሾፌር አይሂድ። ደግሞ ለአባትህ ስትጽፍ ይህንን አስረዳው፤ በወተት ከዋጠው እንዳልዋጠው ነው፣ ወተት ክኒኑን ያስረዋል። በውሃ።

ትምህርቱ የት ደረሰ? ባለፈውም ጠይቄህ ነበር።

አክስትህ ጠጂቱ


ቡዳፔስት፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጠጂቱ

እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ። መድኃኒቱን በእርስዎ ስም ልኬያለሁ። ሐኪሙ የጻፈውን ከሳጥኑ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለስድስት ሳምንት ሙሉ ይበቃል። በውሃ የሚለውንም በትልቁ ጽፌበታለሁ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ይራመዳል ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

ገልገሎ


ነጌሌ ቦረና፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለገልገሎ፣

ናጋ ነህ? የሰው ፊት አያሳይህ፣ የምትረግጠው መሬት ይቅናህ። እኔን ግን ወንድም የሚባል ነገር ዕድሜዬን ሊያሳጥረው ነው።

መድኃኒቱ በጥር ደረሰ። እኔ ቤት ተኝቶ፣ ከእጄ እየዋጠ፣ ትኩሳቱ ጠፋ። የግራ እግሩ ጣቶች ቀና ማለት ጀመሩ። ግድግዳ ይዞ ቆመ፤ ከዚያ እኔን ይዞ ወጣ ገባ አለ። ከዚያማ ማን ይያዘው! "ከብቶቹን ጅብ ይጨርሳቸዋል፣ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ" አለ። ለመንኩት፣ ተጣላሁት፤ አልሆነም። የቀረውን ክኒን ጠቅልዬ፣ መክሬ ሸኘሁት።

በመጋቢት ለክትባት ዘመቻ ወደ አሬሮ ወጣን። መንደሩ ስደርስ መሱዳ የምትባል ጎረቤት እየሮጠች መጥታ እጄን ትስም ጀመር። "ጉልበቴን አዳንሽኝ!" "በምን?" "ዋቆ በሰጠኝ ክኒን!" ቀጥሎ አንዱ ሽማግሌ ስለ ትከሻው አመሰገነኝ። ሌላዋ ደግሞ ለጥርሷ ዋጠችው አሉ። ጉድ እኮ ነው! መንደሩ በሙሉ የአባትህን ወገብ ሲበላ ከርሟል።

እሱን ከጥላ ሥር ተኝቶ አገኘሁት፤ ትኩሳቱ ተመልሷል።

"ዋቆ፣ መድኃኒቱን ለምን አደልከው?"

"ታዲያ ብቻዬን ልብላው? ልጄ ከባሕር ማዶ የላከልኝን ከጎረቤት ደብቄ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ያንተ ነዋ! ላንተ ነው የተላከው።"

"የእኔ ስለሆነ እኮ ነው የሰጠሁት።"

ምን ትለዋለህ? ተህዋሲው ይሉኝታ አያውቅም፤ ግማሽ ሕክምና ያገኘ ብሩሴላ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ብነግረው ራሱን ይነቀንቃል፣ ነገ ግን አንዱ ወገቤን ቢለው ያው ይሰጣል። ስስት የሚባለውን ነውር ከሞት ይልቅ ይፈራዋል። መሱዳንም አስቀምጬ ጉልበቷን አየሁት፤ ትኩሳት የለው፣ ውሃ አልቋጠረ፤ ስታጥፈው ይንቋቋል። ያረጀ ጉልበት ነው። የሚያሻት አስፕሪንና ምርኩዝ እንጂ ያንተ ክኒን አልነበረም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አንተ ከልጅነትህ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደግህ ደበሬን ረስተኸው ይሆናል። ከብቱ ላለቀበት ሰው የሚታለብ ላም እናውሰዋለን። ወተቷን ይጠጣል እንጂ አይሸጣትም፣ አያርዳትም፣ ለሌላ አያሳልፋትም፤ ላሚቱ የአዋሹ ናት። እናም አልኩት፤ "ዋቆ፣ ተሳስቼ ነው እስካሁን ያልነገርኩህ። ያ መድኃኒት ስጦታ አልነበረም፤ ደበሬ ነው።"

ቀና ብሎ ተቀመጠ። "የማን?"

"የገልገሎ።"

"አዬ! የሰው ላም ነው እንዴ ሳድል የከረምኩት?" አለና ፊቱ ጠቆረ። ከልቡ አዘነ። ያን ያህል ስመክረው አንዲት ቃል ያልገባችው ሰው በአንድ ቃል ገባው። ለመሆኑ አዋሹ ምን ቃል አስገባ ብሎ ጠየቀኝ። ወተት ሁሉ ፈልቶ እንዲጠጣ አልኩት። ወተት እሳት ላይ ሲጣድ የላሚቱ ጡት ይደርቃል ብሎ ሲከራከረኝ የነበረ ሰው፣ "ባለቤቱ ካለ እሺ" አለ።

ስለዚህ እንደገና ላክ፤ እንደ መጀመሪያው ሙሉውን። ለእሱም በአዋሽ ቃል ጻፍለት፤ አነብለታለሁ። መጥቶ እኔ ቤት ተኝቷል፤ እግሩ እንደገና እየደከመ ነው።

ጠጂቱ


ቡዳፔስት፣ ነሐሴ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአዳዳ ጠጂቱ

ጤናዎ ይብዛ። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ደብዳቤው የድሮ አከራዬ ቤት ቆይቶ ነው የደረሰኝ፣ እኔ ከዚያ ወጥቻለሁ። መድኃኒቱን ከዚህ ጋር ያገኙታል። ለአባቴ ይህችን ያንብቡለት፤

"አባዬ፣ ላሚቱ የእኔ ናት። ለአንተ አውሼሃለሁ። በየዕለቱ እለባት፣ ብቻህን ጠጣ፣ ለማንም አታሳልፋት። ወተት ሁሉ ፈልቶ ይጠጣ። ልጅህ ገልገሎ።"

አዳዳ፣ እየደጋገሙ የሚጠይቁኝን ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ትምህርቱ በሰኔ አልቋል። ፕሮፌሰሬ እዚሁ አብረን እንሥራ ይለኛል፤ ቤትም አግኝቶልኛል። ገና አልቆረጥኩም። ለአባቴ አይንገሩት።

ገልገሎ


ነጌሌ ቦረና፣ ጥር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለገልገሎ፣

ሰላም ይሁንልህ። ያልቆረጠ ሰው ቤት አይቀበልም፤ ይህን ብዬ አልፌዋለሁ።

ስለ አባትህ እንደ ነርስ ልንገርህ። ስድስቱን ሳምንት አንድ ቀን ሳይዘል ጨረሰ። መንደሩ ተመልሶ ነው የጨረሰው፤ መሱዳን ልኬ አሰልዬዋለሁ፣ ጉልበቷን ይዛ ብትለምነው እንኳ "የሰው ከብት ነው" ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት የለም። ላቡ ቆሟል። ሥጋው ተመልሷል፤ የአሁኑ የራሱ ሥጋ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚህ መጥቶ መረመርኩት። በተረከዙ ሂድ ብለው ሄደ፣ በጣቶቹ ሂድ ብለው ሄደ። የግራ እግሩ ጣቶች ተጭኜ እንኳን ቀና ይላሉ። ወገቡ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፤ የተበላው አጥንት ተጣብቆ ስለዳነ ነው፣ እንዲያው ይኖራል። ምርኩዝ ይዟል። አባትህ ይራመዳል፣ ገልገሎ። እልል በል።

አሁን ደግሞ እንደ አክስት። ምርመራውን ጨርሼ "በቃ፣ ዳንክ፣ ወደ ቤትህ ሂድ" አልኩት። አልሄድም አለ።

"ደበሬውን ማስረከብ አለብኝ" አለ።

"ዋቆ፣ ክኒኑ እኮ ተውጦ አለቀ፤ የምታስረክበው የለም።"

"የደበሬ ላም ብትሞትም የወለደችው የአዋሹ ነው። አንቺ ከተማ ገብተሽ ረሳሽው እንጂ።"

"ክኒን ምን ይወልዳል?"

ምርኩዙን ለእኔ አቀበለና ያለ እሱ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። "ይሄን ወልዳለች" አለ፣ ጭኑን መታ መታ እያደረገ። "ይህ እግር የገልገሎ ነው። መጥቶ ይረከበኝ።"

እኔ መድኃኒት እንዳያድል ብዬ ያመጣሁት ዘዴ ነው እንጂ ሌላ አስቤ አይደለም፤ ማተቤ ምስክሬ ነው እንዳልል ጴንጤ ነኝ። ልከራከረው ሞከርኩ፤ እሱ ግን ሽማግሌዎችን ምስክር አድርጎ ጨርሷል። እኔ ቤት ሰፍሯል። የሻሸመኔ መኪና በገባ ቁጥር ወጥቶ ከመናኸሪያው በር ላይ ይቆማል፤ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያል፤ ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ ይመለሳል። "ዛሬ አልመጣም" ይለኛል። አዎ እላለሁ። የፕሮፌሰሩን ነገር አልነገርኩትም። ወገብ ሲያም የማደርገውን አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን የተማርኩት የለኝም። አንተው ንገረው።

ጠጂቱ


ቡዳፔስት፣ የካቲት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጠጂቱ

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ መለስኩ። ፕሮፌሰሩን ጠዋት ሄጄ አመሰገንኩት። ቤቱንም ትቼለታለሁ። በሰኔ እገባለሁ።

ለአባቴ ግን ቀኑን አይንገሩት፤ ካወቀ ከዛሬ ጀምሮ ሄዶ መናኸሪያው ላይ ያድራል። ይህችን ብቻ ያንብቡለት፤

"አባዬ፣ እግሩ የእኔ ከሆነ የማዘው እኔ ነኝ። ፀሐይ ላይ አታቁምብኝ። ወደ አሬሮ ተመለስና ከብቶችህን ጠብቅ። ልረከብህ የምመጣው እኔ ነኝ፤ ደጅህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ።"

ገልገሎ ዋቆ